አንድ ዲዛይን በብዙ ቦታ፦ ስለ ማሸጊያ ኅትመት የሉህ አደራደር የተደረገ ምልልስ

የማሸጊያ ኅትመት ከመጽሐፍ ኅትመት ከሚለይባቸው ዋና ነገሮች አንዱ፣ በማተሚያው ሉህ ላይ የሚሰፍረው ተከታታይ ገጽ ሳይሆን አንዱ ዲዛይን ራሱ ተደጋግሞ መሆኑ ነው። አንድ የመድኃኒት ካርቶን ወይም አንድ የጠርሙስ ሌብል በትልቅ ሉህ ላይ ወይም በሲሊንደር ዙሪያ በተወሰነ ርቀት እየተራመደ የሚደጋገምበት ሥራ በሙያው ቋንቋ ስቴፕ ኤንድ ሪፒት ይባላል። ሥራው የሚከናወነው ከዲዛይን በኋላና ከፕሌት ዝግጅት በፊት ባለው የቅድመ ኅትመት ክፍል ነው፤ ፕሌት የሚባለውም ምስሉ የሚቀረጽበትና ቀለሙን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የማተሚያ ገጽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ የሚካሄደው በአንድ የኅትመት ቴክኖሎጂ መምህርና የግራፊክ ዲዛይን ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ቅድመ ኅትመት በተሸጋገረች ተማሪ መካከል ነው።

ተማሪ፦ መምህር፣ ዲዛይኑ አልቆ ደንበኛው ከፈረመበት በኋላ የሚቀረው ቅጂ ማብዛት ብቻ ይመስላል። ሶፍትዌሩ የሉሁና የካርቶኑ ልክ፣ በመካከላቸው የሚቀመጠውም ክፍተት ከተነገረው፣ ሉሁ ስንት ቅጂ እንደሚይዝ በቅጽበት ያሰላል። ታዲያ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

መምህር፦ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም የሚያርፉባቸው ቦታዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው። በሉሁ መግቢያ ጠርዝ ያለው ካርቶን የማተሚያው ጥርሶች ለሚይዙት ባዶ ኅዳግ ቅርብ ነው፤ መካከል ላይ ያለው በአራቱም አቅጣጫ ጎረቤት ስላለው ከወሰኑ የሚያልፈው ቀለም ከጎረቤቱ ክንፍ ጋር ይጋጫል፤ በአንድ ዓምድ የተሰለፉት ደግሞ ቀለማቸውን ከአንድ የቀለም ቁልፍ ስለሚያገኙ የአንዱ ፍላጎት የሌላውን መልክ ይለውጣል። ሉሁ ከታተመም በኋላ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በሙጫ ይያያዛል፣ በመጨረሻም በደንበኛው ፋብሪካ በማሸጊያ ማሽን ላይ ይከፈታል። አደራደሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ቢቀመጥም ውሳኔው የሚነካው እነርሱን ስለሆነ፣ ከመጨረሻው ማሽን ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካላሰበ፣ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው ሊበላሽ ይችላል።

ተማሪ፦ በተራ የሥዕል ሶፍትዌር ዲዛይኑን ገልብጦ 12 ጊዜ በመለጠፍና በማሸጊያ ሶፍትዌር ደርድሮ በማውጣት መካከል ያለው ልዩነትስ? በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው።

መምህር፦ በዓይን አንድ ቢሆኑም ውስጣቸው ይለያያል። ተለጥፎ የበዛው ዲዛይን 12 ነጻ ሥዕሎች ስለሚሆን በአንዱ ላይ የፊደል ስሕተት ቢታረም በቀሩት 11 ላይ እንዳለ ይቆያል። የማሸጊያ ሶፍትዌር በሚያዘጋጀው የአደራደር ፋይል ውስጥ ግን ዲዛይኑ አንድ ብቻ ነው፤ ፋይሉ የሚመዘግበው ዲዛይኑ የሚያርፍባቸውን ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ ነጥብ የሚዞርበትን ማዕዘንና ቀለሙ የሚከረከምበትን ወሰን ነው። ስለዚህ ዋናው ሲታረም ሁሉም ይታረማል። በአንጻሩ በዋናው ላይ ሳይታይ የቀረ ስሕተት 10,000 ሉህ ሲታተም በ120,000 ካርቶን ላይ ይወጣል። በመሆኑም ዲዛይኑ ሳይጸድቅ አደራደር መጀመርም ሆነ፣ ከጸደቀ በኋላ በአደራደሩ ውስጥ ገብቶ አንዱን ቅጂ ብቻ መነካካት ሊፈቀድ አይገባም።

ተማሪ፦ ነገሩ በአንድ ተጨባጭ ካርቶን ቢታይ ይቀላል።

መምህር፦ መልካም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 120 ሚሊሜትር የሆነ የመድኃኒት ካርቶን ይታሰብ። ካርቶኑ ሲዘረጋ አራት ግድግዳዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አንደኛውና ሦስተኛው 60፣ ሁለተኛውና አራተኛው 40 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። በጫፉ 15 ሚሊሜትር የሙጫ ክንፍ ሲጨመር ጠቅላላ ስፋቱ 215 ይሆናል። ከላይ በአንደኛው ግድግዳ ላይ፣ ከታች ደግሞ በሦስተኛው ግድግዳ ላይ ክዳን አለ፤ እያንዳንዱ ክዳን 40 ሚሊሜትር ሽፋንና ወደ ውስጥ የሚገባ 15 ሚሊሜትር ምላስ ስላለው ርዝመቱ 55 ነው። በጠባቦቹ ግድግዳዎች ላይና ታች ደግሞ አቧራ የሚከላከሉ 30 ሚሊሜትር ትንንሽ ክንፎች አሉ። እንግዲህ የተዘረጋው ካርቶን ከጫፍ እስከ ጫፍ 230 ሚሊሜትር ቁመት አለው። የሉሁ ልክ 1000 በ700 ቢሆን፣ ለጥርሶቹ መያዣና ለምልክቶቹ ቦታ ከተተወ በኋላ ለሥራ የሚቀረው 980 በ680 ነው እንበል። በካርቶኖቹ መካከል 5 ሚሊሜትር ክፍተት ቢቀመጥ ስንት ይገባል?

ተማሪ፦ በስፋቱ አራት ካርቶን ከሦስት ክፍተት ጋር 875 ስለሚሆን ይገባል፤ አምስት አይገባም። በቁመቱ ሦስት ረድፍ 700 ስለሚደርስ ከ680 ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለት ረድፍ፣ በጠቅላላው 8 ካርቶን ይሆናል።

መምህር፦ ይህ ካርቶኑን እንደ አራት ማዕዘን ሣጥን የሚቆጥር ስሌት ነው። ካርቶኑ ግን አራት ማዕዘን አይደለም፤ ከላይ በሦስተኛው ግድግዳ አናት፣ ከታች በአንደኛው ግድግዳ ሥር ባዶ ቦታ አለው። ከበላዩ የሚቀመጠው ካርቶን የታች ክዳኑ የሚወርደው በሦስተኛው ግድግዳ በኩል ስለሆነ ልክ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይገባል፤ የታችኛው ካርቶን የላይ ክዳንም እንዲሁ በበላዩ ባለው ባዶ ቦታ ያርፋል። በሁለቱ አካላት መካከል የሚያስፈልገው ርቀት የሁለቱ ክዳኖች ድምር ከክፍተቱ ጋር፣ ማለትም 115 መሆኑ ይቀርና፣ ፊት ለፊት የሚገናኙት ትንንሽ ክንፎች ድምር ከክፍተቱ ጋር፣ ማለትም 65 ሚሊሜትር ይሆናል። እርምጃ የሚባለው ከአንዱ ቅጂ አንድ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ቅጂ ተመሳሳይ ነጥብ ያለው ርቀት ነው፤ ያ እርምጃ በዚህ አቀማመጥ ከ235 ወደ 185 ወረደ። ሦስት ረድፍ 600 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚወስድ በዚያው ሉህ 12 ካርቶን ይገባል። ክዳኖቹ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ የሚሠሩበት የካርቶን ዓይነት ሁለቱም ክዳኖች በአንድ ግድግዳ ላይ ካሉበት ይልቅ ወረቀት የሚቆጥበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪ፦ ሶፍትዌሩም እንዲህ ያለውን መሰካካት በራሱ ያገኛል። እንዲያውም ካርቶኑ 90 ዲግሪ ቢዞር በ700ው በኩል ሦስት ካርቶን 655 ሚሊሜትር፣ በ1000ው በኩል አምስት ረድፍ 970 ሚሊሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ 15 ካርቶን ይገባል። ለ100,000 ካርቶን በ12 ሲታተም 8,334 ሉህ ያስፈልግ የነበረው በ15 ሲታተም 6,667 ይበቃል። ታዲያ ማሽኑ ያገኘውን መቀበል አይገባም?

መምህር፦ ስሌቱ ትክክል ነው። መልሱ ግን በሶፍትዌሩ ውስጥ የለም፤ በመጋዘኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ካርቶን የሚሠራበት ወፍራም ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ በአብዛኛው ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ፤ በዚህም ምክንያት ወረቀቱ በቃጫው አቅጣጫ ሲገፋ ጠንካራ፣ በተሻጋሪው ሲገፋ ደካማ ነው። በቋሚ ካርቶን ላይ ቃጫው አራቱን የግድግዳ ማጠፊያዎች ተሻግሮ፣ ማለትም በካርቶኑ ዙሪያ እንዲሄድ ይፈለጋል፤ እንዲህ ሲሆን ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወደ ውጭ የመንፋት ዝንባሌያቸውም ይቀንሳል። ሉሁ ቃጫው በ1000ው በኩል የተኛ ከሆነ የ12ቱ አደራደር ትክክል፣ የ15ቱ ግን ስሕተት ነው። በ15ቱ አደራደር የካርቶኖቹ ግድግዳዎች ያብጣሉ፣ በማሸጊያው ማሽን ላይም ሲከፈቱ እንደሚጠበቀው አይከፈቱም፤ ይህ ጉድለት ደግሞ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይም ሆነ በታተመው ሉህ ላይ አይታይም።

ተማሪ፦ ስለዚህ የ1,667 ሉህ ቁጠባው ይቅር ማለት ነው?

መምህር፦ ወረቀቱ ቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ አዎን። ገና ካልተገዛ ግን ቃጫው በ700ው በኩል የሚተኛ ሉህ ማዘዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ የ15ቱ አደራደር ያለ አንዳች ጉዳት ይሠራል። ለዚህ ነው አደራደሩ የሥራ ትእዛዝ ከተጻፈ በኋላ የሚሞላ ቅጽ መሆን የማይገባው፤ ዋጋ ሲተመንና ወረቀት ሲገዛ ባለሙያው በጠረጴዛው ዙሪያ ሊኖር ይገባል። በብዙ ማተሚያ ቤቶች አንዱ ክፍል ወረቀት ይገዛል፣ ሌላው ዋጋ ያወጣል፣ ቅድመ ኅትመት ደግሞ የደረሰውን ተቀብሎ ይሠራል፤ ብክነቱም የሚወለደው በእነዚህ ክፍሎች መካከል ባለው ዝምታ ነው። ካርቶኑን 180 ዲግሪ ማዞር ግን የቃጫውን አቅጣጫ ስለማይለውጥ በዚህ በኩል ክልክል የለበትም።

ተማሪ፦ ከወሰን ስለሚያልፈው ቀለም ቀደም ሲል ተነሥቶ ነበር። ብሊድ የሚባለው ያ ነው?

መምህር፦ አዎን። ብሊድ ከመቁረጫው መስመር ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ የሚዘጋጅ የዲዛይኑ ትርፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። ሉሁ በመቁረጫው ሥር ጥቂት ቢንሸራተት የካርቶኑ ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቃል። ነጠላው ዲዛይን ብቻውን ሲሆን ብሊዱ ችግር የለበትም፤ ቅጂዎች ሲጠጋጉ ግን ጥያቄ ይነሣል። በምሳሌው ካርቶን ክፍተቱ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ የሁለት ጎረቤታሞች ብሊድ፣ 3 ሲደመር 3፣ አይበቃውም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም በመካከላቸው ላይ ከርክሞ ለእያንዳንዱ 2.5 ሚሊሜትር ይተዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚመጣው ወረቀት ለመቆጠብ ክፍተቱ ጠፍቶ ሁለት ካርቶኖች በአንድ ቢላዋ ሲለያዩ ነው፤ ያን ጊዜ የአንዱ ብሊድ ሊያርፍ የሚችለው በጎረቤቱ አካል ላይ ብቻ ነው።

ተማሪ፦ ሁለቱም ጠርዞች አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ግን ጉዳት የለውም።

መምህር፦ የለውም። ሆኖም በምሳሌው ካርቶን አንዱ ጠርዝ የአራተኛው ግድግዳ፣ የጎረቤቱ ጠርዝ ደግሞ የሙጫ ክንፍ ነው። የሙጫ ክንፍ ቀለምም ቫርኒሽም ሊነካው አይገባም፤ ሙጫው የሚይዘው የወረቀቱን ቃጫ ሲያገኝ ነውና፣ የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ በላዩ ካለ መጋጠሚያው ሳይጠብቅ ይቀራል። ካርቶኑ በሙጫ ማሽኑ ላይ የተያዘ መስሎ ያልፍና በሣጥን ታሽጎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ወይም መድኃኒቱ ሲገባበት ይከፈታል። ከዚህ የተነሣ በክንፉ ላይ የሚወጣው ብሊድ ስንት እንደሚሆን በእጅ መወሰን ያስፈልጋል፤ 15 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ክንፍ 3 ሚሊሜትር በጎረቤት ቀለም ቢሸፈን 12 ይቀራል፣ ይህም የሙጫው መስመር የት እንደሚሄድ ከታወቀ ሊበቃ ይችላል። የሙጫው መስመር የሚታወቀው ሙጫ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛ በመጠየቅ ነው። ደግሞም የቀለሙ ብሊድና የቫርኒሹ ብሊድ አንድ መሆን የለባቸውም፤ ቫርኒሹ የበለጠ ስለሚጎዳ ወሰኑ ከቀለሙ ወሰን ወደ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ክዳኖቹ በጎረቤት ባዶ ቦታ በሚገቡበትም ስፍራ የእያንዳንዱ ብሊድ የማንን አካል እንደሚነካ መስመር በመስመር ማየት ይገባል፤ ሶፍትዌሩ ሁሉንም በእኩል ይከረክማል እንጂ የትኛው ክንፍ ሙጫ እንደሚቀባ ካልተነገረው አያውቅም።

ተማሪ፦ ሊነገረው ግን ይችላል?

መምህር፦ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ትልቅ መሻሻል አለ። እንደ ኤስኮ አርቲዮስካድ ያሉ የካርቶን ንድፍ ሶፍትዌሮች ቢላዋውን፣ ማጠፊያውንና የሙጫውን ቦታ በየዓይነታቸው ለይተው ይመዘግባሉ፤ እንደ አርትፕሮና ፓክዝ ያሉት የቅድመ ኅትመት ሶፍትዌሮችም ያን መረጃ ተቀብለው ይሠሩበታል። ሲኤፍኤፍ2 የተባለው የፋይል ዓይነት አንዱን ቅርጽና እያንዳንዱ ቅጂ የሚያርፍበትን ነጥብ ከሚዞርበት ማዕዘን ጋር አንድ ላይ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአይ ኤስ ኦ 19593-1 ደረጃም በፒዲኤፍ ውስጥ መቁረጫው፣ ማጠፊያው፣ ሙጫው፣ ቫርኒሹ በታወቀ ስም እንዲመዘገብ ሥርዓት አበጅቷል። ቀድሞ እነዚህ መስመሮች በዲዛይኑ ላይ በልዩ ቀለም ብቻ ይሰመሩ ስለነበር፣ አንዱ ዲዛይነር ቀይ ሲያደርጋቸው ሌላው አረንጓዴ ያደርጋቸው ነበር፤ መስመሩ ሳይጠፋ ቀርቶ በካርቶኑ ላይ የታተመበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

ተማሪ፦ ደንበኛው ሁለት ዓይነት ካርቶን ቢኖረው፣ ለምሳሌ የአንዱ መድኃኒት የልጆችና የአዋቂዎች፣ ቅርጻቸው አንድ እስከሆነ በአንድ ሉህ ላይ ቢደባለቁ አያዋጣም? የአንዱ 70,000፣ የሌላው 50,000 ቢፈለግ ከ12ቱ ቦታ 7ቱን ለአንዱ፣ 5ቱን ለሌላው ሰጥቶ 10,000 ሉህ ማተም ነው። ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም።

መምህር፦ ሒሳቡ ያማረ ነው፤ ለሻይ ወይም ለሳሙና ካርቶን ቢሆን ሊመረጥ ይችላል። ይሁን እንጂ አደራደሩ አራት ዓምድ በሦስት ረድፍ ስለሆነ 7ና 5 ሲከፋፈሉ አንዱ ዓምድ የግድ ይደባለቃል። ከቆረጣው በኋላ ካርቶኖቹ የሚቆለሉት በየቦታቸው ስለሆነ፣ አንድ ዓምድ ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን መለየት ይቀላል፤ ሲደባለቅ ግን ከተቆለለው መካከል አንዱ ወደ ሌላው ዘንድ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ሁለተኛው ነገር ቀለም ነው። በኦፍሴት ማተሚያ የቀለሙ መጠን በሉሁ ስፋት ላይ በተደረደሩ ቁልፎች በየቁራጩ ይስተካከላል፤ በአንድ ዓምድ ላይ አንዱ ካርቶን ሙሉ ሰማያዊ መደብ ቢኖረውና ሌላው ነጣ ያለ ቢሆን፣ አታሚው ለአንዱ ቁልፉን ሲከፍት የሌላው ይደምቃል። 6ና 6 ቢከፈሉ ዓምዶቹ ንጹሕ ይሆናሉ፤ ነገር ግን 11,667 ሉህ ታትሞ ከሁለተኛው ዓይነት 20,000 ገደማ ይተርፋል። ምርጫው በእነዚህ መካከል ነው።

ተማሪ፦ ለመድኃኒቱስ የትኛው ይመረጥ?

መምህር፦ ለመድኃኒት አንዳቸውም አይመረጡ። የልጅ ካርቶን ውስጥ የአዋቂ መድኃኒት ቢገባ ጉዳቱ በሉህ ዋጋ አይመዘንም፤ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ፕሌት፣ የአንዱ ቆርጦ ማውጣት ሲያልቅና የማሽኑ ዙሪያ ተጠርጎ ሲታይ የሌላው ይጀመር። የማሸጊያ ማሽኖች በካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ በማንበብ የተሳሳተውን ቢለዩም፣ ያ የመጨረሻው መከላከያ ሊሆን ይገባል እንጂ ሉህ ለመቆጠብ የሚያደፋፍር ምክንያት አይደለም።

ተማሪ፦ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ሉህ ነው። ሌብል ግን በጥቅል ወረቀት ላይ በፍሌክሶ ይታተማል። እዚያስ?

መምህር፦ እዚያ የሉሁ ጠርዝ የለም፤ በምትኩ ሲሊንደሩ አለ። ፍሌክሶ ከፍ ብሎ በተቀረጸ ተጣጣፊ ፕሌት የሚታተምበት ዘዴ ሲሆን፣ ፕሌቱ በሲሊንደር ላይ ይለጠፋል፤ ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚያትመው ርዝመት ሪፒት ይባላል። ብዙ የሌብል ማተሚያዎች ሲሊንደሩን የሚያዞሩት በጥርስ ስለሆነ ሪፒቱ እንደ ፈለጉት ሊሆን አይችልም፤ በስፋት በሚሠራበት ልክ አንድ ጥርስ የአንድ ኢንች ስምንተኛ፣ ማለትም 3.175 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሪፒቱ ዘወትር የዚህ ቁጥር ብዜት ነው። እንግዲህ በማሽኑ አቅጣጫ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሌብል ቢኖርና በሌብሎች መካከል ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ቢያስፈልግ፣ 128 ጥርስ ያለው ሲሊንደር እንዴት ይሆናል?

ተማሪ፦ 128 ጥርስ 406.4 ሚሊሜትር ነው። አምስት ሌብል ቢገባ እርምጃው 81.28 ስለሚሆን ክፍተቱ 1.28 ብቻ ነው፤ አይበቃም። አራት ቢገባ ደግሞ እርምጃው 101.6፣ ክፍተቱ 21.6 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከእያንዳንዱ ሌብል ጋር ብዙ ወረቀት ይጣላል። አራት ሌብል ከክፍተታቸው ጋር ቢያንስ 332 ስለሚፈልጉ 104 ጥርስ፣ ማለትም 330.2፣ ያንሳል፤ 105 ጥርስ ግን 333.375 ስለሆነ እርምጃው 83.34፣ ክፍተቱ 3.34 ይሆናል። ስለዚህ 105 ነው።

መምህር፦ ትክክል ነው፤ የ105 ጥርስ ሲሊንደር በማተሚያ ቤቱ ካለና የሚቆርጠው ክብ ቢላዋም በዚያው ልክ ከተሠራ ማለት ነው። ቀጥሎ ፕሌቱ ሲጠቀለል የሚሆነው አለ። ወፍራም ቀበቶ ሲታጠፍ ውጫዊ ፊቱ እንደሚለጠጥ ሁሉ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራው ፕሌትም በሲሊንደሩ ላይ ሲጠመጠም የሚያትመው ገጹ በዙሪያው አቅጣጫ ይረዝማል፤ ጀርባው ላይ ያለው የማይለጠጥ የፖሊስተር ንጣፍ ግን ልኩን ይጠብቃል። የመለጠጡ መጠን ከፕሌቱ ውፍረት ላይ የፖሊስተሩ ውፍረት ተቀንሶ በሁለት ፓይ ሲባዛ ይገኛል። ፕሌቱ 1.14፣ ፖሊስተሩ 0.18 ሚሊሜትር ቢሆን ልዩነቱ 0.96 ነው፤ በ6.283 ሲባዛ 6.03 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ለ333.375 ሲካፈል 1.81 በመቶ ስለሆነ፣ ምስሉ በዙሪያው አቅጣጫ ብቻ ወደ 98.19 በመቶ አጥሮ ይወጣል፤ 80 ሚሊሜትሩ ሌብል በፕሌቱ ላይ 78.55 ሆኖ ተቀርጾ፣ ሲታተም 80 ይሆናል።

ተማሪ፦ ይህ ማሳጠር የሚሠራው በነጠላው ዲዛይን ላይ ነው ወይስ አደራደሩ ካለቀ በኋላ?

መምህር፦ በአንድ ቦታ ብቻ፣ እርሱም ሙሉው ፕሌት ወደ መቅረጫው ማሽን ሲላክ ቢሆን ይሻላል። እርምጃዎቹም ከሌብሎቹ ጋር አብረው ማጠር ስላለባቸው፣ ዲዛይኑን ብቻ አሳጥሮ በ83.34 እርምጃ የደረደረ ሰው ሪፒቱ የማይዘጋ ፕሌት ያወጣል። በጣም የሚያሳዝነው ስሕተት ደግሞ ሁለት ጊዜ ማሳጠር ነው፤ ዲዛይነሩ አሳጥሮ ልኮ ፕሌት ሠሪውም ሲያሳጥር ሌብሉ 78.55 ሆኖ ይታተማል፣ ጉድለቱም ከዓይን ይልቅ በቢላዋው ይታወቃል። ስለዚህ ፋይሉ ሳያጥር መላኩን ወይም አጥሮ መላኩን የሚገልጽ ጽሑፍ በፕሌቱ ኅዳግ ላይ ሊኖር ይገባል። ይህ መለጠጥ የባርኮድንም አቀማመጥ ይወስናል፤ የባርኮዱ መስመሮች ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲተኙ መለጠጡ የሚነካው ርዝመታቸውን ብቻ ነው፣ ተሻግረው ሲቆሙ ግን ውፍረታቸውንና ክፍተታቸውን ስለሚለውጥ የሚያነበው መሣሪያ ይቸገራል። ሌብሉን 90 ዲግሪ አዙሮ ቦታ ማትረፍ የሚፈልግ ሰው ይህንም ይመርምር።

ተማሪ፦ በፍሌክሶ አደራደር ላይ ዓምዶቹ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርስ ሳይተካከሉ ከፍና ዝቅ ብለው ይታያሉ። ይህ ለውበት አይመስልም።

መምህር፦ ለማተሚያው ዕረፍት ሲባል ነው። የሁሉም ዓምድ ክፍተት በአንድ መስመር ላይ ከዋለ፣ ፕሌቱ በዚያ መስመር ላይ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ይለቅና ቀጥሎ በሚመጡት ጠርዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ሲሊንደሩ ይነጥራል፣ በኅትመቱም ላይ ተሻጋሪ ፈዛዛ መስመር ይወጣል። አንዱ ዓምድ በግማሽ እርምጃ፣ በምሳሌው 41.67 ሚሊሜትር፣ ሲገፋ በማንኛውም ቅጽበት ከወረቀቱ ጋር የተገናኘ የፕሌት አካል ይኖራል። ነገር ግን ክብ ቢላዋው ቀጥ ባለ አደራደር ተሠርቶ ከነበረ ይህ አይቻልም፤ ውሳኔው ቢላዋው ከመታዘዙ በፊት መወሰድ አለበት።

ተማሪ፦ ወደ ሉሁ ለመመለስ፣ በጠርዝ የሚቀመጡት ምልክቶችና በየካርቶኑ ክንፍ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ቁጥሮች ጥቅማቸው ምንድን ነው?

መምህር፦ የቀለም መለኪያ ሰንሰለቱና ቀለሞች እርስ በርስ መገናኘታቸው የሚታይባቸው የሬጂስተር መስቀሎች ለአታሚው ናቸው። ቁጥሮቹ ግን ለሁሉም ናቸው። ቅጂዎቹ ተቆርጠው ከተቀላቀሉ በኋላ አንድ ካርቶን ማጠፊያው ቢሰነጠቅ፣ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ የሚናገረው በክንፉ ላይ ያለው የቦታ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ 9 ከሆነ በመቁረጫው ዘጠነኛ ቦታ ያለው ቢላዋ ወይም ማጠፊያ ብቻ ይታያል፣ ከ120,000ው ካርቶን መካከልም የሚመረመረው 10,000ው ይሆናል። ይህ ጥበብ ከኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1840 በብሪታንያ የወጣው ፔኒ ብላክ የተባለው ቴምብር፣ ጃኮብ ፐርኪንስ ባሳደገው ዘዴ፣ ከአንድ የተቀረጸ ብረት ወደ ጥቅል ብረት፣ ከጥቅሉ ደግሞ እየተራመደ 240 ጊዜ ወደ ፕሌቱ ተላልፎ ነበር፤ በታችኛው ሁለት ማዕዘን ያሉት ፊደላት ግን በፕሌቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቴምብር በእጅ የተመቱ ናቸው። የግራው ከኤ እስከ ቲ 20ውን ረድፍ፣ የቀኙ ከኤ እስከ ኤል 12ቱን ዓምድ ያመለክታሉ። ፊደላቱ የተደረጉት ሐሰተኛ ሥራን ለመከላከል ቢሆንም፣ ዛሬ የቴምብር አጥኚዎች የአንዱን ቴምብር የቀድሞ ቦታ የሚያውቁት በእነርሱ ነው።

ተማሪ፦ ሁሉም ተሟልቶ አደራደሩ ወደ ፕሌት ሊሄድ ሲል፣ መቁረጫውን ከሠራው ባለሙያ ፋይል ጋር ሲነጻጸር በአንዱ ዓምድ የ0.3 ሚሊሜትር ልዩነት ቢገኝ የትኛው ይታረም?

መምህር፦ መቁረጫው ገና ካልተሠራ ሁለቱም ከአንድ ፋይል እንዲወጡ ይደረግ፤ የካርቶኑ ንድፍም አደራደሩም ከአንድ ምንጭ ሲነበቡ እንዲህ ያለ ልዩነት አይፈጠርም። መቁረጫው ቀድሞ የተሠራ ከሆነ ግን የሚታረመው አደራደሩ ነው፤ ብረቱ በእንጨቱ ላይ ተተክሎ ቆሟል፣ በኮምፒውተር ላይ ያለው ነጥብ ግን ይንቀሳቀሳል። ዘመን የቆየ መቁረጫ ከሆነ እንጨቱ በእርጥበት ጥቂት ሊለዋወጥ ስለሚችል የድሮውን ፋይል ማመንም አይበቃም፤ በመቁረጫው ባዶ ሉህ ተመትቶ፣ አደራደሩም በግልጽ ፊልም ላይ በትክክለኛ ልኩ ታትሞ በዚያ ሉህ ላይ ይነጠፍ፣ ከዚያም ከአንደኛው ቦታ እስከ አሥራ ሁለተኛው ማጠፊያ በማጠፊያ ይታይ። ልዩነት የተገኘበት ቦታ እርምጃው ለብቻው ይስተካከላል፤ ሶፍትዌሩ ሁሉንም እርምጃ እኩል ማድረግን ቢመርጥም ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ነጥብ መስጠት ይፈቅዳል።